አቃቂ ድሬን ሲጠራ

አቃቂ በሰቃ ውስጥ ሱፍያን የሚባል የስልጤ ሰው የከፈተው ኢንተርኔት ቤት ነበር። ስድስት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ በመስኮቱ ላይ «ዋይፋይ አለ» የሚል ወረቀት፤ ሌላ ነገር አልነበረውም። በ2006 ዓ.ም. የመስቀል ማግስት ለሰንበት ትምህርት ቤታችን አንድ ጽሑፍ ላስባዛ ገብቼ ተራዬን እጠብቅ ነበር።

ከፊት ለፊቴ አንድ ሽማግሌ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠዋል። ከዘራቸውን ከወንበሩ ጀርባ አንጠልጥለዋል። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አጎንብሰው ያነባሉ፤ ያነበቡትን በእርሳስ ደብተር ላይ ይገለብጣሉ። አንዲት ቃል ገልብጠው ቀና ሲሉ የቆሙበት መስመር ይጠፋቸውና እንደገና ከላይ ይጀምራሉ።

ሱፍያን ከባንኮኒው ተነሣ። ገመድ የሚያስተካክል መስሎ ወደ ጠረጴዛቸው ተጠጋና በአንድ እጁ ገመዱን እየነካካ በሌላው ሁለት ቁልፍ ጫን ጫን አደረገ። የስክሪኑ ፊደል እጥፍ አከለ። ምንም ሳይናገር ተመልሶ ተቀመጠ።

ሽማግሌው ቀና አሉ። መነጽራቸውን ወደ ቦታው መለሱ፤ ዓይናቸውን አሸት አሸት አደረጉ። «ተመስገን! ዛሬስ ዓይኔ ተሽሎታል» አሉ ለራሳቸው።

ሱፍያን ማየቴን ሲያይ በዓይኑ ዝም በል አለኝ። 

እግዚአብሔር ከሰው ጋር የሚያስተዋውቀን እንዲህ ባለ ጠባብ በር ነው። ያን ፊደል ሲያጎላ ባላየው ኖሮ ጽሑፌን አስባዝቼ በሄድኩ ነበር። አሁን ግን ደብተሩ ላይ ያለውን ለማየት ጓጓሁና አንገቴን አሰገግሁ። እንግሊዝኛ ነው፤ ሰው የሚናገረው ዓይነት እንግሊዝኛ ግን አይደለም፤ ነጥብና ሰረዝ ይበዛበታል። እያንዳንዱ መስመር ተራ ቁጥር አለው፤ በኅዳጉ ላይ ቀንና ሰዓት ተጽፏል።

«ወንድም፣ እንግሊዝኛ ታነባለህ?» አሉኝ ዞር ብለው።

«እታገላለሁ ጋሼ። ትምህርት ቤት ያገኘሁት ትንሽ ነው፤ የቀረውን ከመጽሐፍ ነው የለቀምኩት።»

«እንግዲያው የኔ ቢጤ ነህ፤ ና ወዲህ።» በእርሳሳቸው ጫፍ አንዲት ቃል አሳዩኝ። «ይህቺ ቃል ሦስት ሳምንት አሰቃየችኝ። ማሽኑ ይህቺ ጎድላኛለች ይላል። ምን እንደሆነች ካላወቅሁ ምን ብዬ ልፈልግለት?»

ቃሏ «ፈርምዌር» ነበረች። ከቦርሳዬ የማይጠፋውን የኪስ መዝገበ ቃላት አውጥቼ አገላበጥኩ። መጽሐፉ አሮጌ ስለሆነ እንዲህ ያለ ቃል አያውቅም። ለሁለት ከፍዬ ስፈልግ ግን ግማሹ «ጽኑ»፣ ግማሹ «ዕቃ» ሆኖ ወጣ።

«ጽኑ ዕቃ» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «በል! ጽኑ ሆና ነዋ እምቢ ያለችኝ።»

ሱፍያን ከባንኮኒው ሳቀ። «ጋሽ የሺዋስ፣ ስንት ጊዜ ልንገርዎት? ፎርማት እናድርገውና ዊንዶውስ እንጫንበት። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።»

«አንተ ደግሞ! አንድ ብሎን ጎደለ ብለህ ሐዲዱን በሙሉ ትነቅላለህ?»

ፎርማት ማለት በማሽኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ መጀመር ነው። በእኛ ሰፈር ጠጋኝ ዘንድ የሁሉም በሽታ መድኃኒት ይኸው ነው። ድምፅ እምቢ ካለ ፎርማት፤ ቀርፈፍ ካለ ፎርማት። ጋሽ የሺዋስ አቃቂ ሦስት፣ ቃሊቲ ሁለት ጠጋኝ ቤት ዞረው አምስቱም ይህንኑ ስላዘዙላቸው፣ ማሽናቸውን አቅፈው ወደ ቤታቸው ተመልሰው ራሳቸው ለመማር የቆረጡ ሰው ነበሩ።

ያን ቀን ከዘራቸው ጭቃ ላይ እንዳይከዳቸው ክንዳቸውን ይዤ ሸኘኋቸው። ቤታቸው ከድሮው ባቡር ጣቢያ አጥር ጀርባ ነው። ባቡሩ ከቆመ ጀምሮ ሐዲዱን ሣር በልቶታል፤ ሴቶች ያጠቡትን ልብስ ያሰጡበታል፤ የባጃጅ ሹፌሮች ባጃጃቸውን እያቆሙ ያጥቡበታል። ጋሽ የሺዋስ ግን ሐዲዱን ሲሻገሩ ቆም ብለው ግራና ቀኝ ሳያዩ አያልፉም።

«ምን ይመጣል ብለው ነው?» አልኳቸው።

«ምንም አይመጣም። አንገቴ ነው የለመደው።»

ላፕቶፑን ከቁም ሣጥን አወጡት። ባቡር እለፍ በሚባልበት አረንጓዴ ባንዲራ ጠቅልለውታል። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ክዳኑ ላይ የቢሮ ንብረት ቁጥር የተለጠፈበት ነው። የእህታቸው ልጅ መሰለች የምትሠራበት ድርጅት አሮጌ ኮምፒውተሮቹን ለሠራተኞቹ ሲሰጥ ሁለት መንትያ ላፕቶፖች ደርሰዋት፣ ሁለቱንም ለእሳቸው አመጣችላቸው። ድርጅቱ የራሱን ጽሑፍ ደምስሶ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት ጭኖባቸዋል። በቢሮ ሳሉ ዕድሜያቸውን ሁሉ በገመድ ስለኖሩ ዋይፋያቸው ይሥራ አይሥራ ማንም ሞክሮ አያውቅም። የጋሽ የሺዋስ ላፕቶፕ የገመዱ ቀዳዳም ሲሰካና ሲነቀል ኖሮ ላልቷል፤ ገመድ አይዝም።

«ሁለተኛውስ የት አለ?»

«ድሬ ጋ ነው» አሉኝ። እኔ ከተማውን ያሉ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ የሺዋስ በ1968 ዓ.ም. በሃያ ሰባት ዓመታቸው ነው አቃቂ ጣቢያ ስልክ ላይ የተቀመጡት። አባታቸው ሐዲድ ጠጋኝ ነበሩና ልጃቸው ወንበር ላይ ተቀምጦ በመሥራቱ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው ጠላ አጠጡ። ሥራው ባቡር አቃቂን ባለፈ ቁጥር ድሬዳዋ ላለው ተቆጣጣሪ ደውሎ ሰዓቱን፣ የፉርጎውን ብዛትና ቁጥር ማሳወቅ ነው። በመጀመሪያው ቀን መነጋገሪያውን አንሥተው ስማቸውን ሊናገሩ ሲሉ ከዚያኛው ጫፍ አንድ ወፍራም ድምፅ ቀደማቸው።

«አቃቂ!»

«አቤት ድሬ!» አሉ ሳያስቡት።

ያ ድምፅ የለሜሳ ነበር፤ እንደሳቸው አዲስ ተቀጣሪ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሠላሳ ሁለት ዓመት አንዱ ሌላውን በስሙ ጠርቶት አያውቅም። አንዱ አቃቂ፣ ሌላው ድሬ ሆነው ቀሩ። ባቡር በማይኖርበት ሰዓት ስለ ልጅ ክርስትና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ አለቃ ያወራሉ። የጋሽ የሺዋስ ባለቤት ወይዘሮ ወርቅነሽ ባረፉ ጊዜ ከሰው ሁሉ በፊት የሰማው ድሬ ነው። «ስልኩን አልዘጋም፤ እዚሁ ነኝ» አላቸው። አለቃ እስኪቆጣው ድረስ አልዘጋም።

በዚህ ሁሉ ዘመን ግን አንዱ የሌላውን ፊት አይቶ አያውቅም።

«እንዴት ይሆናል ጋሼ? ባቡር ላይ እየሠሩ!»

«እኔ ስወጣ እሱ ተረኛ፤ እሱ ሲወጣ እኔ። በ1979 አንድ ጊዜ ሄጄለት ነበር። ሳልነግረው ላስደነግጠው ብዬ። ያን ዕለት እናቱ ታመው አሰበ ተፈሪ ሄዷል። ወንበሩን አየሁት። ተቀመጥኩበትና ወደ አቃቂ ደወልኩ። ‹አቃቂ!› ብል ሌላ ሰው አቤት አለኝ።» የባንዲራውን ጫፍ አጠፉ። «ደስ አላለኝም።»

ባቡር ላይ የሚመላለሱ ሠራተኞች «ያ ጓደኛህ እኮ እንዲህ ያለ መልክ...» ብለው ሲጀምሩ ጋሽ የሺዋስ ጆሯቸውን ይይዙ ነበር። ለሜሳም እንዲሁ። በቀልድ የተጀመረው ነገር እየቆየ ቃል ኪዳን ሆነ፤ መልካችንን ራሳችን እንጂ ሌላ ሰው አይነግረንም ተባባሉ። ፎቶ እንላላክ ሲባል ለሜሳ እምቢ አለ። «ፎቶ ሲጠሩት አቤት አይልም» አለ። ጡረታ ሲወጡ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ተነሥተው መሐል ላይ አዋሽ ጣቢያ ወርደው አብረው ምሳ ሊበሉ ተቀጣጠሩ።

ለጡረታቸው አምስት ወር ሲቀር ባቡሩ ቆመ። በዚያው ዓመት ጋሽ የሺዋስ፣ ማንም የማያየውን የጣቢያውን ግድግዳ ሰዓት ሊሞሉ ወንበር ላይ ወጥተው ወንበሩ ተሰብሮ ወደቁ፤ ዳሌያቸው ውስጥ ብረት ገባ። ሐኪሙ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቀመጡ አስጠነቀቃቸው። ድሬዳዋ ደግሞ በአውቶቡስ የቀን መንገድ ነው።

«እሱም ግድ የለም። በሞባይል እናወራ ነበር። ድምፁ እያለ ፊቱን ለምን እመኛለሁ?» አሉኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ግን ለሜሳ ጉሮሮውን ታመመ። ሐረር ታክሞ ነፍሱ ተረፈች፤ ድምፁ ግን አልተመለሰም። እንዳይጽፍ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የሞባይሏን ጥቃቅን ቁልፍ መንካት አይችልም። ከአንዲት አሮጊት እኅቱ ጋር ነው የሚኖረው፤ እሷም ስለ ማሽን አትጠይቁኝ ባይ ናት።

«ታዲያ እንዴት ትነጋገራላችሁ?»

ሞባይላቸውን አውጥተው ደወሉና ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ድሬ!»

ትክ፤ አለ ከዚያኛው ጫፍ። ለሜሳ በጣቱ ቀለበት ስልኩን ሲመታ ነው።

በሥራ ዘመናቸው መስመሩ ሲበላሽ በእርሳስ መነጋገሪያውን ይመቱ ነበር። አንድ ምት አዎን፣ ሁለት ምት አይደለም፣ ሦስት ምት ድገም ማለት ነው። ያ ልማድ ለዚህ ቀን ተቀምጦላቸው ኖሯል።

«ደህና አደርክ?»

ትክ።

«መድኃኒቱን ዋጥክ?»

ትክ፣ ትክ።

«ዋጥ እንጂ አንተ እልኸኛ! ላፕቶፑ ይበራል?»

ትክ።

«ትንሽ ታገሠኝ። ጥፋቱ በእኔ በኩል ነው።»

ትክ፣ ትክ።

ጋሽ የሺዋስ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «አየኸው? ጥፋት አይደለም እያለኝ ነው። ጨዋ ነው፤ ሁልጊዜም እንዲህ ነው።»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ላፕቶፑ በስክሪኑ አናት ላይ ምስር የምታህል ካሜራ አለችው፤ የሱፍያን ኮምፒውተሮች የላቸውም። መሰለች ገና ቢሮዋ ሳሉ በገመድ ሁለቱም ላፕቶፖች ላይ ፊት ለፊት የሚያነጋግረውን ስካይፕ አስገብታ፣ አንዱን በአቃቂ ስም፣ ሌላውን በድሬ ስም መዝግባለች። አንደኛው አውቶቡስ ተጭኖ ድሬዳዋ ደርሷል። ከለሜሳ ቤት ጎን ያለው ሆቴል ዋይፋይ ግቢው ድረስ ይመጣል፤ ባለቤቱም ይጠቀም ብሏል። የቀረው የአቃቂው ዋይፋይ ብቻ ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት ድምፁን ሰምተው ፊቱን አላዩም፤ አሁን ድምፁ ሄዷል፣ ፊቱ አለ። «እሱም ሳይሄድ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ አንስተው አያውቁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መዝገበ ቃላቴን ይዤ እሄድ ጀመር።

ሱፍያን ነገሩን እንዲህ አድርጎ አስረዳን። በላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ያለችው የዋይፋይ ካርድ ጆሮ ናት። ድራይቨር የሚባለው ደግሞ ላፕቶፑ የጆሮዋን ቋንቋ እንዲያውቅ የሚያደርገው ጽሑፍ ነው። ጽኑ ዕቃ ያልናትም ከድራይቨሩ ጋር ሆና ጆሮዋን የምትቀሰቅስ ጽሑፍ ናት። ጆሮዋ አለች፤ ቋንቋው ግን የለም። ቋንቋውን ለማምጣት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ቋንቋው ያስፈልጋል።

«ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን መቆለፍ ማለት ነው» አልኩ።

«ታዲያ በመስኮት መግባት ነው» አሉ ጋሽ የሺዋስ። መስኮቱ ፍላሽ ነበረች። በክር አሥረው እንደ ማተብ አንገታቸው ላይ አጠለቋት። ከቤት ሱፍያን ጋ፣ ከሱፍያን ጋ ወደ ቤት፤ ከዘራቸው እየቀደመች።

ላፕቶፑ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት አለው። ጻፉለት ይመልሳል። «እንደ ድሮው ስልክ ነው፤ በወጉ ካልጠየቅከው አይነግርህም» ይሉ ነበር። የሚሰጡትን ትእዛዝና የሚያገኙትን መልስ ልክ እንደ ጣቢያ መዝገብ ከነሰዓቱ ደብተራቸው ላይ ያሰፍራሉ። አንድ ፋይል ይዘን ስንመጣ ላፕቶፑ ይህ ያለዚያ አይሆንልኝም ይላል። ያንን ስናመጣ ያም ሌላ ይጠይቃል። ጋሽ የሺዋስ አይናደዱም። «ልክ ነው። ሞጆ ሳይፈቅድ ከናዝሬት ባቡር አትለቅም» ብለው ከዘራቸውን ያነሣሉ።

አንድ ቀን ፍላሿ ከሱፍያን ኮምፒውተር ቫይረስ ይዛ ኖሮ፣ ሱፍያን ሲከፍታት ፋይሎቹ በሙሉ ሾርትከት የሚባል ባዶ መንገድ ጠቋሚ ሆነው አገኛቸው። «አለቀልን፤ ተበሉ» አለ። ቤት ወስደን ላፕቶፑ ላይ ስንሰካት ግን ሁሉም ፋይል እንዳለ ቁጭ ብሏል፤ የዊንዶውስ ቫይረስ ሊኑክስን አያታልለውም ለካ። በማግስቱ ጋሽ የሺዋስ ሱፍያን ቤት ገብተው፣ «በል ፎርማት አድርገው በለኝ እስቲ!» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት።

ኅዳር ገባ፤ የነቢያት ጾም ተያዘ። ሁሉንም ፋይል አሟላን፤ ላፕቶፑ አሜን ብሎ ተቀበለ፤ ዋይፋዩ ግን አልተነሣም። ሌላ ነገር አልጎደለኝም ይላል፤ አይሰማም። ያን እሑድ ጋሽ የሺዋስ ለመጀመሪያ ጊዜ ደብተሩን ዘጉት። ደክሟቸው አየሁ። ሞባይላቸውን አንሥተው «ድሬ!» አሉ። ቆይቶ አንዲት ምት ተሰማች፤ ከወትሮው ቀሰስ ያለች። «ታገሠኝ፤ ጥፋቱ በእኔ በኩል ነው» አሉት። ትክ፣ ትክ አለ። ዘጉት።

«ጋሼ፣ እግዚአብሔር የጀመረውን...» ብዬ ስጀምር እጃቸውን አነሡ፤ ዓይናቸው በመስኮቱ ወደ ጣቢያው ሐዲድ ሄዷል። ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ፉርጎ ቆሟል።

«የዚያን ፉርጎ ቁጥር አንብብልኝ።»

ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈውን አነበብኩላቸው።

«ውሸት ነው። ቀለም ቀቢ የቀባው ነው። ፉርጎ ጋራዥ ሲገባ የአንዱ በር ለአንዱ ይገጠማል፤ ቁጥሩ ይምታታል። እኛ ለድሬ የምንናገረው ከታች ብረቱ ላይ የተመታውን ነው።» ላፕቶፑን ገለበጡት። ከሆዱ ላይ የካርዱ ስም የታተመበት ወረቀት ተለጥፏል፤ ሁለት ወር ሙሉ ድራይቨር የፈለግነው በዚያ ስም ነበር። «እኛ የቀለሙን ነው ያነበብነው። የብረቱስ?»

በማግስቱ ሱፍያን ቤት ሄደው ካርዱ በራሱ አፍ ቁጥሩን እንዲናገር የሚያደርገው ትእዛዝ የትኛው እንደሆነ ፈለጉ። አገኙት፤ ቤት ተመልሰው ላፕቶፑ ላይ ጻፉት። ላፕቶፑ ባለ ስምንት ምልክት ቁጥር መለሰ። ወረቀቱ ላይ ካለው ስም ጋር ቤተሰብ ቢሆንም ሌላ ካርድ ነው። ቢሮ ሳለ አንድ ሰው ቀይሮት ይሆናል። ለዚያ ቁጥር የሚሆነው ጽኑ ዕቃ ደግሞ ሌላ ነበር፤ ያንንም ፍለጋ ፍላሿን ይዘው ሱፍያን ጋ ተመላለሱ።

የበዓታ ዕለት ማታ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በራቸው ላይ ሆነው ጠሩኝ። ስገባ ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ከቁልፎቹ በላይ አይተናት የማናውቅ አንዲት ሰማያዊ መብራት በርታለች። ስክሪኑ ላይ ሁለት የዋይፋይ ስሞች ተዘርዝረዋል። አንደኛው በአቅራቢያው ያለ ፋብሪካ ቢሮ፣ ሁለተኛው የዋናው መንገድ ካፌ።

«ሰማ» አሉኝ። «ጆሮው ሰማ።» ዳሌያቸው እየቆረጠማቸው እንኳ ቆመው አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ፤ እኔም አብሬ።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ። ጋሽ የሺዋስ ጢማቸውን ተላጭተው፣ የባቡር ሠራተኛ ኮታቸውን ለብሰው፣ ቆባቸውን ደፍተው ሱፍያን በር ላይ ቆመዋል። ሱፍያን ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ ከሩቅ አይቷቸው፣ «ኧረ ጋሽ የሺዋስ! ሙሽራ መስለዋል! ማንን ሊያገቡ ነው?» አለ።

«ክፈት አንተ! ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

እውነትም ጠዋት ደውለው ለለሜሳ ነግረውታል፤ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ፊቱን ይዞ እንዲቀመጥ። ሱፍያን ከመስኮቱ አጠገብ ያለውን ወንበር ሰጣቸው፤ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል አስገባላቸው። ስካይፑ ተከፈተ። ድሬ የሚለው ስም አለ፤ ከጎኑ ያለችው ምልክት ግን ግራጫ ናት። ጋሽ የሺዋስ ጥሪውን ተጫኑ። ጠራ፤ ጠራ፤ ዘጋ። ቆባቸውን አስተካክለው እንደገና ተጫኑ። ጠራ፤ ዘጋ። ሦስተኛውንም ሞከሩ።

ሞባይላቸውን አወጡ።

«ድሬ!»

ትክ።

«ታዲያ ለምን አታነሣም? እየጠራሁህ እኮ ነው! ተኝተህ ነው ወይስ ማሽኑን ዘጋኸው?»

ከሞባይሉ ምት አልመጣም። ሱፍያን ቀስ ብሎ፣ «ጋሽ የሺዋስ፣ አንድ አንዱን ይጠይቁት» አላቸው።

ተነፈሱ። «ማሽኑ ፊት ተቀምጠሃል?»

ትክ።

«በርቷል?»

ትክ።

«ጥሪዬ ደረሰህ?»

ትክ፣ ትክ።

እጃቸው ደብተሩ ላይ ቆመ። «ድሬ፣ ያንተ ማሽን... ዋይፋዩን ያያል?»

ትክ፣ ትክ።

«ዛሬ ነው እንዲህ የሆነ?»

ትክ፣ ትክ።

«ከመጀመሪያው ቀን?»

ትክ።

ሱፍያን አንገቱን ደፋ። ለካ መንትያዎቹ ላፕቶፖች በሽታቸውም መንትያ ኖሯል። ሦስት ወር ሙሉ ይበራል ወይ ብለው ጠየቁት እንጂ ይሰማል ወይ ብለው አልጠየቁትም። ቀለበት ደግሞ ያልተጠየቀውን አይናገርም።

ጋሽ የሺዋስ ቆባቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩ። ያለቅሳሉ ብዬ ፈራሁ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ነበር።

«አንተ! ጥፋቱ በእኔ በኩል ነው ስልህ ሁለት ሁለት ጊዜ የምትመታው ለዚህ ነው?»

ትክ።

«እኔ ደግሞ ጨዋነት መስሎኝ ለሰው ሁሉ ሳወራልህ ከረምኩ!»

ከሞባይሉ ውስጥ ድምፅ የሌለው ትንፋሽ ተሰማ፤ ነፋስ በበር ስንጥቅ ሲገባ እንደሚያሰማው ያለ። እየቆረጠ ይመጣል፤ እንደገና ይሄዳል። ጋሽ የሺዋስ ስልኩን ወደ ጆሯቸው ጠጋ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሳቁ ነው» አሉን ቀስ ብለው። «ሁለት ዓመት ሆነው ከሰማሁት።»

ስልኩ ተዘጋ። ሱፍያን፣ «ድሬዳዋ እኮ ጠጋኝ ሞልቷል ጋሼ» አለ፤ ወዲያው ግን ራሱ ሳቀ። «ፎርማት ነው የሚሉት።»

«መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነው የሚያስፈልገው» አሉ ጋሽ የሺዋስ፤ ወደኔ ዞሩ። «አንተ፣ ቁልቢ የምትሄደው መቼ ነው?»

በየዓመቱ ለታኅሣሥ ገብርኤል እንደምሄድ አንድ እሑድ አውግቻቸው ነበር። «የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ነው የምንነሣው» አልኳቸው።

«ከቁልቢ ድሬ ቅርብ ነው።» ፍላሿን ከአንገታቸው አወለቁ። ክሯ ከላባቸው የተነሣ ጠቁራለች። ከደብተሩ ጋር አድርገው ጉልበቴ ላይ አኖሯት። «ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ። መጀመሪያ የካርዱን ቁጥር አስነግረው፤ የብረቱን እንጂ የቀለሙን እንዳታምን። ቁጥሩ አንድ ከሆነ ከገጽ አርባ አንድ ጀምረህ በተራ ጻፍለት። የሱ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ የምትጽፈው አንተ ነህ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ መዝገበ ቃላት ገላጭ ነኝ። ባበላሸውስ?»

«ጽኑ ዕቃን የተረጎመ ሰው ይህ አያቅተውም። ስለትህን ካደረስክ በኋላ ነው፤ መልአኩም አብሮህ ይኖራል።» ከዘራቸውን ይዘው ሊነሡ ሲሉ ተመልሰው ተቀመጡ፤ እጄን ያዙ። «አንድ ነገር ግን አደራ። ታየዋለህ፤ ምን ይደረግ፣ ከኔ በፊት ልታየው ነው። ስትመለስ መልኩን እንዳትነግረኝ። ረጅም ነው፣ አጭር ነው፣ ጥቁር ነው እንዳትል። ደውለህም እንዳትነግረኝ። ሰማያዊዋ መብራት ስትበራ ብቻ፣ የኔ ልጅ፣ አንተ ከፊቱ ዞር በልልኝ።»